የገላፊ መድኃኒት

ስልኩ ሲጮህ ዋና ኢንስፔክተር አብዱልበሲጥ በቢሮው ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። በሰመራ የከሰዓት ሙቀት ከሲሚንቶ ወለል ሌላ ቀዝቀዝ የሚል ነገር የለም። ወንበር ላይ ከቆየ ደግሞ ጉልበቶቹ ይቆለፉበታል። የሥራ ባልደረቦቹ ይህን ስለለመዱ እግሩን ተሻግረው ያልፋሉ።

አለቃው ብዙ አላወራም። አዋሽ ሰባት ላይ አምባዬ የሚባል የጭነት መኪኖች ባለቤት በመርዝ ሞቷል። መርዙ የተገኘው ለውሻው በተዘጋጀ መድኃኒት ውስጥ ነው። መድኃኒቱን የሠራችው የእንስሳት ሐኪም ተይዛለች።

«ከተያዘች እኔን ለምን ፈለጋችሁኝ?» አለ አብዱልበሲጥ ሳይነሣ።

«የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ከዚህ የሄደ ሰው አይቶ ይፈርምበት ተብሏል። ፈርምና ይዘሃት ና፤ ማረሚያ ቤቱም ተነግሮታል።»

በማግስቱ ጠዋት አዋሽ ደረሰ። ሚሌንና ገዋኔን አቋርጦ የሚመጣውን መንገድ ለዓመታት ተመላልሶበታል። ኮንቴይነር የጫኑት ተሳቢዎች ከጅቡቲ ይመጣሉ፣ ባዶዎቹ ይመለሳሉ፤ በዚህ መንገድ ላይ ያያቸው ሞቶችም እንደ መኪኖቹ ተከታትለው የሚመጡ ይመስሉት ጀምረዋል። የደከመ ሹፌር፣ የተሰረቀ ዕቃ፣ በማይረባ ነገር የተነሣ ጠብ። ከመኪናው ሲወርድ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፈርሞ መመለስ።

የአዋሹ ሳጅን ስዩም በአምባዬ ግቢ በር ላይ ተቀበለው። ስዩም ሐቀኛ ሰው ነው፤ ችግሩ ነገር ቶሎ ማለቅ አለበት ብሎ ማመኑ ነው።

«ትናንት ከሰዓት ነው» አለ እየመራው። «አምባዬ ከውሻው አጠገብ ሰሌን ላይ ወድቆ ተገኘ። አፉ አረፋ ደፍቋል። ሰፈሩ ‹የእብድ ውሻ በሽታ ነው› ብሎ ድንጋይ ይዞ ወጣ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። ሐኪሙ የዓይኑን ብሌን አይቶ ለጥጥ ተባይ የሚረጭ መርዝ ነው አለ። አስከሬኑ ወደ አዳማ ለምርመራ ሄዷል።»

«ውሻውስ?»

«አለ። ሰዉ ካልተገደለ ብሎ ይዞኛል። አንተ እስክትፈርም ብዬ ነው ያቆየሁት።»

«ሁለት ፍርድ ነዋ የምፈርመው» አለ አብዱልበሲጥ።

ግቢው ሰፊ ነው። አንድ ቦቴና ሁለት ተሳቢዎች ቆመዋል። በአንድ በኩል ያለው ግንብ ተከፍቶ ከሀሰን ሻይ ቤት በረንዳ ጋር ይገናኛል፤ ሹፌሮቹ ከመኪናቸው ወርደው በቀጥታ ሻይ ላይ ይቀመጣሉ። ዛሬም አምስት ስድስት የሚሆኑ ተቀምጠው ፖሊሶቹን ዝም ብለው ያያሉ።

ውሻው ከቢሮው ጀርባ በጥላው ታስሮ ተኝቷል። ትልቅ፣ ቡናማ፣ አፍንጫው ዙሪያ የሸበተ። አምባዬ ገና ሹፌር ሳለ ገላፊ ኬላ ላይ ከመኪና ሥር አግኝቶት ስለነበር ስሙ ገላፊ ነው። ሰው ሲመጣ ሊነሣ ሞከረ። የኋላ እግሮቹ ተንቀጠቀጡና መልሶ ተቀመጠ።

«ከትናንት ወዲህ የሚያሸው የለም» አለ ስዩም፣ ራሱም እንዳዘነ ሳያውቅበት።

ሰሌኑ ከነበረበት አልተነሣም። በላዩ በጨርቅ ከረጢት የታሰረ የአፍዴራ ጨው አለ፤ ይህ በምጣድ ተሞቆ በውሻው ዳሌ ላይ የሚደረግ ነው። ከጎኑ ሰፊ አፍ ያለው የብርጭቆ ዕቃ፣ በውስጡ ቢጫ ልቁጥ፣ አጠገቡ የሾርባ ማንኪያ። አብዱልበሲጥ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ከማንኪያው ዙሪያ ዝንቦች ሞተው ረግፈዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ በተቀመጠው የውሻው ሳህን ውስጥ ግን ጉንዳኖች የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ይጎትታሉ። አንድም የሞተ ጉንዳን የለም።

«ውሻው መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚበላው?»

«ከዳቦ ጋር በሳህኑ ተለውሶ ነው አሉ።»

«ማንኪያውስ?»

ስዩም ማንኪያውን ገና እንዳየው ሰው አየው።

«የሟቹን አፍ አይተኸዋል?»

«አረፋው ቢጫ ነበር። ምላሱም። ከድሮም የወፍ በሽታ ይዞት ይሆናል ብለን …»

«ወፍ አይደለም። በልቶታል። ማንም አላበላውም፤ በማንኪያ፣ በፈቃዱ ነው የበላው።»

ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። መጀመሪያ የመጣው የነጭ ሽንኩርት ሽታ ነው፣ ብርቱ። ከሥሩ ሌላ ሽታ አለ፤ መልካ ወረር ላይ የጥጥ እርሻ በሚረጭበት ሰሞን ጉሮሮ የሚይዘው ዓይነት። ክዳኑን መልሶ ገጠመ፤ የሚፈርምበትን ወረቀት ስዩም ሲያወጣ ግን በእጁ «ቆይ» አለው።

ዶክተር ኑሀሚን በጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሠላሳን የተሻገረች፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት። ገና እንደገባ «ገላፊን ገደላችሁት?» ብላ ጠየቀችው።

«አለ። እግሩ ግን እምቢ ብሎታል።»

«የኋላ አንጓው ያለቀ ነው። እኔ አላድነውም፤ አጥንት አይመለስም። የምቀንስለት ሕመሙን ነው። የሚዋጥ ማስታገሻ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እሰጠዋለሁ፣ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ በእጄ ያለው ይህ ነው።» ጣቶቿን ቆጠረች፤ ጡንቻውን ማሸት፣ የሞቀ ጨው፣ ቀጭን መርፌ፣ ቢጫው መድኃኒት። መርፌውን የተማረችው ባቡሩ ሲሠራ ካምፑ ውስጥ ከነበረ ቻይናዊ ሐኪም ነው። «ከተማው ጠንቋይ ይለኛል። ውሻው ግን ተነሣ። አራት እግሩን ዘርግቶ የማይሄድ የነበረ፣ በወሩ ግቢውን መዞር ጀመረ።»

«መድኃኒቱ ውስጥ ምን ይገባል?»

«እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የሰሊጥ ዘይት። ሌላ የለም።»

«ነጭ ሽንኩርትስ?»

ቀና አለች። «ለውሻ? ቀዩም ነጩም ሽንኩርት የውሻን ደም ያጠፋል። ከመስጠታችሁ በፊት አሽትቱ፣ ሽንኩርት ከሸተታችሁ እንዳትሰጡት ብዬ ሁሉንም ሰብስቤ አስምያቸዋለሁ።»

«ሁሉንም ማንን?»

«ጋሽ አምባዬን፣ ጋሽ ከተማን ዘበኛውን፣ ሀሰንን። የመድኃኒቱ ዕቃ የሚቀመጠው ሀሰን ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ በዚህ ሙቀት ሌላ ቦታ ይበላሻል።»

«ስዩም የነገረኝ የአምባዬ ወንድም ልጅስ፣ ፍቅረ ሥላሴ?»

«እሱ ያኔ ጉምሩክ ጉዳይ ይዞ ገላፊ ነበር። ድንበሩን ማለቴ ነው። ከመጣም በኋላ ወደ ውሻው አይጠጋም።»

አብዱልበሲጥ ስለ አምባዬ ጠየቃት። ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። ዕድሜ ልኩን መሪ ይዞ ወገቡ ያለቀ ሰው እንደነበር፣ ውሻው ሲሻለው እያየ እንደሚቀና ነገረችው። «‹ልጄ፣ ለእኔስ መቼ ነው የምትሠሪልኝ?› ይለኝ ነበር። ‹ለእርስዎ ሲሆን ነጭ ሽንኩርት በደንብ አድርጌበት ነው› እለውና እንስቃለን።»

አብዱልበሲጥ ሌላ ሊጠይቃት ያሰበው ነበር። ተወው።

ሀሰን ከወሎ መጥቶ አዋሽ ላይ ሻይ ቤት ከከፈተ ቆይቷል። ጎልማሳ፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያው የማይቆሽሽ። ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲመለስ አምባዬን ያገኘው እሱ ነው። ዘበኛውን ጠርቶ አብረው መኪና ላይ ጫኑት። ፍሪጁ በረንዳው ላይ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ውኃ ራሱ ያወጣበታል። የውሻው ዕቃ ከታች ጥግ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። ውሻውን ግን ነክቶት እንደማያውቅ ደጋግሞ አስረዳ።

«ሳጅን ስዩም ትናንት ልብስህን በአፈር ስታጥብ አይቶሃል» አለ አብዱልበሲጥ። «ማስረጃ እያጠፋ ነው ብሎ ይዞታል።»

«ወላሂ፣ ማስረጃ …»

«እሱ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ ሀሰን። ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፤ ሃይማኖታችን የውሻ ምራቅ ለነካው ያዘዘው ነው። የውሻ ምራቅ ነክቶሃል።»

ሀሰን ወደ ሹፌሮቹ ተመለከተ። «አምባዬን ሳነሣው ውሻው ላዬ ላይ ለሀጩን አዝረከረከብኝ» አለ በመጨረሻ። «ግን ትናንት ብቻ አይደለም። ሰው ሲተኛ አሸዋለሁ። ዶክተሯ አሳየችኝ። ሲታሽ እንደ ሰው ነው የሚተነፍሰው። ከዚያ እታጠባለሁ፣ ከዚያ ሻይ እቀዳለሁ። እነዚህ ቢሰሙ ብርጭቆዬን የሚነካ አይኖርም። ለማንም እንዳትነግርብኝ፣ አደራህን።»

«ሌላው ይቅርና አንድ ነገር ንገረኝ። ትናንት አምባዬ ዕቃውን ሲወስድ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። ከፈተው፣ አሸተተው፣ ሳቀ። ‹ልጅቷ ቃሏን ጠበቀች› አለኝና ይዞ ሄደ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።»

ዘበኛው ከተማ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ስለ ውሻው ሲያወራ «ባልደረባዬ» ይለዋል። ከትናንት በስቲያ ማታ ራሱ መድኃኒቱን ለውሶ ሰጥቶት ነበር፤ ያኔ ከእርድ ሌላ የሚሸት ነገር አልነበረውም።

«ጋሽ ከተማ፣ ምን ምን ይገባበታል?»

«እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ዘይት። ሽንኩርት ክልክል ነው። ሹፌሮቹ የወጥ ትራፊ ሲጥሉለት በዱላ ነው የማባርራቸው።» ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። «ለእሱ መርፌ ተሰካለት፣ ጨው ተሞቀለት። ለእኔ ጉልበት ማን አለው?»

«ለእኔም የለኝ» አለ አብዱልበሲጥ። «ግቢውን የምትዞረው አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ ከበር አልነቃነቅም። የፍቅረ ሥላሴ ትእዛዝ ነው፤ ‹አንተ በሩን፣ ኋላውን ውሻው› ይለኛል። ውሻው ወድቆ በነበረ ጊዜም ያው። ጋሽ አምባዬ ናፍጣ ይጎድላል እያለ ያን ሰሞን ከሹፌሮቹ ሁሉ ጋር ተጣልቶ ነበር። አሁን ቀርቷል፤ ሹፌሮቹ ተመከሩ መሰለኝ።»

ፍቅረ ሥላሴ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል። ልጅ የሌለው አምባዬ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገው ነው፤ ግቢውንም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ዓይኑ አብጧል፣ ከትናንት ወዲህም ልብስ አልቀየረም። ሐዘኑ የውሸት እንዳልሆነ አብዱልበሲጥ ተረዳ። ለዚህ ሥራ የሚመቸው የውሸት ሐዘን ነበር፤ እውነተኛው ሲያጋጥመው ይበልጥ ይደክመዋል።

«አጎቴን ያ መድኃኒት ገደለው» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «ስንት ጊዜ ነገርኩት።»

«ምን ነበረበት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እርድና ነጭ ሽንኩርት ነው መሰለኝ፣ ያው የተለመደው። የባህል መድኃኒት ያለ ነጭ ሽንኩርት አለ እንዴ?»

«ዕቃውን ነክተኸው ታውቃለህ?»

«ለምን ብዬ። የውሻ ነገር አልወድም።»

አብዱልበሲጥ ወደ ነጭ ሸሚዙ እጅጌ ተመለከተ። ጫፉ ላይ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ፣ ዙሪያቸው የታጠበ።

«ምን ነካህ?»

«ዝገት። እዚህ ግቢ ውስጥ የማይዝግ ነገር የለም።»

ከዚያ ወጥቶ ብቻውን ወደ ኋላው አጥር ሄደ። በግንቡ ሥር ያለው መሬት በናፍጣ ጠቁሯል፤ ጥቁሩ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ በላዩም አቧራ ተኝቶበታል። የግንቡ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ በገመድ ተፈግፍጎ ተቦርቡሯል። በአቧራው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የውሻ ዱካ አለ፤ የፊቶቹ ንጹሕ፣ ከኋላዎቹ አንዱ እየተጎተተ መስመር ያሰመረ። የታመመ ሽማግሌ ሥራውን ሲሠራ የሚተወው ዱካ ነው። ከዱካው በላይ የሰው እግር አልረገጠም።

ሲመለስ ወደ ዕቃ ቤቱ ጎራ አለ። ለመዥገር የሚጠቀሙበት የጥጥ ፀረ ተባይ ጀሪካን ጥግ ላይ ቆሟል፤ ዕቃ ቤቱ ስለማይቆለፍ ማንም ሊወስደው ይችላል። ከጀሪካኑ ሥር ቀጭን የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ወድቋል። እዚያ ምግብ የሚያበስል የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም በጥላው ሥር፣ ሰሌኑ ባለበት እንዲሰበስብለት ስዩምን ጠየቀ። ኑሀሚን ከጣቢያው መጣች። ገላፊ ሽታዋን ሲያውቅ በጅራቱ መሬቱን መታ መታ አደረገ፤ ልትቀርበው ስትል ግን ስዩም ከለከላት። ከተማ በዱላው ተደግፎ ቆመ፤ ፍቅረ ሥላሴ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ሀሰን በበረንዳውና በግቢው መካከል ሆነ። ከኋላው ሹፌሮቹ ሻያቸውን አቁመው ይሰማሉ።

«ቁሜ ብዙ ማውራት አልችልም» አለ አብዱልበሲጥ፣ በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ቁጭ እያለ። «ዶክተር ኑሀሚን መድኃኒቱን ስለሠራች ታስራለች። ውሻው ከሬሳው አጠገብ ስለተገኘ ሊገደል ነው። ሁለቱም ቅርብ ስለነበሩ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም፤ የውሻ መድኃኒት ተመርዞ ውሻው እንዴት ዳነ?»

ወደ ሳህኑ ጠቆመ።

«ሳህኑ ውስጥ ያሉት ጉንዳኖች ደህና ናቸው። ማንኪያው ዙሪያ ያሉት ዝንቦች ሞተዋል። ስለዚህ አምባዬ ለውሻው አልሰጠውም፤ ራሱ በላው። ለምን? ዕቃውን ሲከፍት ነጭ ሽንኩርት ሸተተው። እዚህ ግቢ ነጭ ሽንኩርት የሸተተ ነገር ለውሻ አይሰጥም። አይደለም ጋሽ ከተማ?»

«ምለንበታል» አለ ከተማ።

«እንግዲህ ነጭ ሽንኩርቱን ማን ጨመረው? መርዙ ይሸታል፤ የጨመረው ሰው ሽታውን መሸፈን ፈልጓል። ዶክተሯ ብትሆን፣ ውሻውን የሚያበሉት ሰዎች አሽትተው እንደሚጥሉት ታውቃለች፤ ራሷ ናት ያስተማረቻቸው። ጋሽ ከተማም ሀሰንም ያውቃሉ። ሽታን በነጭ ሽንኩርት ለመሸፈን የሚያስብ ሰው ያንን መሐላ ያልሰማ መሆን አለበት።»

ስዩም ቀስ ብሎ ወደ በርሜሉ ዞረ።

«እኔ ገላፊ ነበርኩ» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

«ስለዚህ ነው የምልህ። ዛሬ ጠዋት እንኳን መድኃኒቱ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ይመስልሃል። ከአራታችሁ እንዲህ ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

«አጎቴን ልገድል? ያሳደገኝን?»

«አጎትህን አላልኩም።» አብዱልበሲጥ ወደ ኋላው አጥር ጠቆመ። «ውሻው ሲታመም ቁጭ አለ። እሱ ቁጭ ባለበት ጊዜ በዚያ ግንብ ላይ ናፍጣ በጀሪካን ይወጣ ነበር፣ በገመድ። ዘበኛው ከበር እንዳይነቃነቅ አንተ አዝዘሃል። አጎትህ ሹፌሮቹን ይጠረጥራል። ከዚያ ይህች ሴት መጣች። አሸችው፣ መርፌ ሰካችለት፣ እርድ አበላችው። ውሻው ተነሥቶ አጥሩን መዞር ጀመረ። ከአጥር ማዶ የሚመጡት ገዢዎች እንግዶች ስለሆኑ ይጮኽባቸዋል። መሬቱ ደረቀ። እኔ ጠዋቱን ሙሉ አምባዬን ማን ጠላው እያልኩ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ ግን ውሻው በመዳኑ የተጎዳው ማን እንደሆነ ነው።»

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

«ሀሰን፣ እርድና ሳሙና ስጠኝ።»

ሀሰን ይዞ መጣ። አብዱልበሲጥ ነጭ መሐረቡን አውጥቶ እርዱን በውኃ ነክሮ ቀባበት። ቢጫ ሆነ። በላዩ ሳሙናውን ሲያሽ ቢጫው ዓይናቸው እያየ ወደ ቀይ ተለወጠ። ልብስ ያጠበ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። መሐረቡን ከፍቅረ ሥላሴ እጅጌ አጠገብ አስጠጋው። አንድ ናቸው።

«የማይዝግ ነገር የለም ብለኸኛል። እርድ ግን አይዝግም። ትናንት ሰዉ በሙቀቱ ሲተኛ ዕቃውን ወደ ዕቃ ቤት ወስደህ ስታማስል ፈነጠቀብህ። ልጣጩ እዚያው አለ።»

ፍቅረ ሥላሴ እጅጌውን በሌላው እጁ ሸፈነው።

«ያረጀ ውሻ ነው» አለ በኋላ። «ዛሬ ነገ የሚሞት። ይተኛል፣ አይነሣም፣ ጋሼም ሁለት ቀን አዝኖ ይረሳል ብዬ ነው። እሱ ለምን በላው? የውሻ መድኃኒት ሰው ለምን ይበላል?»

ጥያቄው የእውነት ነበር። አብዱልበሲጥ መልሱን ከጠዋት ጀምሮ ይዞት ዞሯል፤ ለማን እንደሚከብድም ያውቃል። ኑሀሚንን ሳያይ ተናገረ።

«ወገቡን ስላመመው። ነጭ ሽንኩርቱ ሲሸተው ይህ የውሻው አይደለም፣ የእኔ ነው አለ። ‹ልጅቷ ቃሏን ጠበቀች› ብሎ ስቋል።»

ኑሀሚን አፏን በእጇ ያዘች። ከተማ ፊቱን አዞረ። ስዩም ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ሌላ ወረቀት ያስፈልገዋል።

«ቀልድ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ቀልድ ነበር» አለ አብዱልበሲጥ። «መርዙ አይደለም ያንቺ።»

ስዩም ፍቅረ ሥላሴን ይዞ ሲያልፍ ገላፊ የፊት እግሮቹን ተክሎ፣ የኋላዎቹ እየተንቀጠቀጡ ተነሣ። የታሰረበት ገመድ እስከሚፈቅድለት ድረስ ሄዶ ጭንቅላቱን ወደ ልጁ ጭን አስጠጋ፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው። ፍቅረ ሥላሴ እስከዚያ ሰዓት አላለቀሰም ነበር።

መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቅ አብዱልበሲጥ ከጀሪካኑ ለመነሣት ታገለ። ኑሀሚን ከሰሌኑ ዳር ተቀምጣለች፤ ማንኪያውን እያየች ነው፤ ውሻውን አልነካችውም። ገላፊ ቁሞ መቆየት አቅቶት ወደቀና ማቃሰት ጀመረ። አጭር፣ ተደጋጋሚ ድምፅ። በረንዳው ላይ ያሉት ሹፌሮች ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ።

ሀሰን ቆሞ ነበር። ወደ ምድጃው ሄዶ የጨውን ከረጢት አሞቀ፤ ሁሉም እያዩት ተመልሶ ተንበረከከ። ከረጢቱን በውሻው ዳሌ ላይ አኖረ፤ በሌላው እጁ ጡንቻውን ከላይ ወደ ታች፣ በለመደ እጅ ያሸው ጀመር። ማቃሰቱ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ውሻው እጁን ላሰው።

ከሹፌሮቹ አንዱ ያልጨረሰውን ሻይ አስቀምጦ ወጣ። ሌሎቹ ከቦታቸው አልተነሡም።

«አየሃቸው» አለ ሀሰን፣ ቀና ሳይል።

«አየኋቸው» አለ አብዱልበሲጥ።

ሲጨርስ ሀሰን ወደ ግንቡ ጥግ ሄደና ተቀመጠ። አብዱልበሲጥ ከመኪናው ሹፌር የመጣውን ጥሪ ሳይመልስ የውኃ ጀሪካኑን አነሣ፤ ጉልበቱ እያመመው አጠገቡ ዝቅ አለ። ሀሰን እፍኝ አፈር ወስዶ እጁን በአፈሩ አሸ፣ ኢንስፔክተሩ አፈሰሰለት። ደግሞ አፈሰሰለት። ውኃው ደረቁን መሬት እያጠቆረ ሄደ።

«ሰባት ሞላ?» አለ ሀሰን።

«አንድ ይቀራል።»

አፈሰሰለት። ከበረንዳው ላይ አንድ የሰለቸ ድምፅ «ሀሰን፣ ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ፣ ሌላ ቅዳልን» አለ።